ሲማሮን ካውንቲ፣ ኦክላሆማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዳላስና በደንቨር መካከል በከባድ መኪና ጭነት የሚያመላልሱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው 287 ቁጥር አውራ ጎዳና ቴክሳስን ጨርሶ ኮሎራዶ ከመግባቱ በፊት አንዲት ቀጭን የኦክላሆማ መሬት ያቋርጣል፤ ሲማሮን ካውንቲ ትባላለች። ሜዳ፣ የእህል ጎተራ፣ ሜዳ፣ ጥቂት ከብቶች፣ እንደገና ሜዳ። አንድ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። «እዚህ ደግሞ ማን ይኖራል?» ሳይል የሚያልፍ አሽከርካሪ ያለ አይመስለኝም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችም የሚጀምሩት ከዚያች ጥያቄ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ካውንቲ ምንድን ነው? ከወረዳ ጋር አንድ ነው?

ይቀራረባል፤ አንድ ግን አይደለም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በካውንቲዎች ይከፈላሉ። የገጠር መንገድ መጠገን፣ የመሬት ባለቤትነት መመዝገብ፣ የንብረት ግብር መሰብሰብ፣ እስር ቤት ማስተዳደር የካውንቲ ሥራ ነው። ከእኛ ወረዳ የሚለየው ዋናው ነገር ሹማምንቱን ከላይ የሚመድብ አካል አለመኖሩ ነው። ሸሪፉን (የካውንቲውን የፖሊስ አዛዥ)፣ ገንዘብ ያዡን፣ መዝገብ ያዡን፣ የንብረት ገማቹንና ሦስቱን ኮሚሽነሮች ነዋሪው ራሱ በድምፁ ይመርጣል። ኦክላሆማ 77 ካውንቲዎች ሲኖሯት በሕዝብ ብዛት የመጨረሻዋ ሲማሮን ናት። እንዲህ ባለ ቦታ ሸሪፉ የጎረቤት ልጅ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ቢሆን አይገርምም።

በካርታ ላይ የት አገኛታለሁ?

የኦክላሆማ ካርታ እጀታው ወደ ምዕራብ የተዘረጋ መጥበሻ ይመስላል። እጀታውን አሜሪካውያን «ፓንሃንድል» ይሉታል፤ ትርጉሙም ያው የመጥበሻ እጀታ ነው። ሲማሮን የእጀታው ጫፍ ናት። በደቡብ ቴክሳስ፣ በምዕራብ ኒው ሜክሲኮ፣ በሰሜን ኮሎራዶ፣ በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘኗ ደግሞ ካንሳስ ያዋስኗታል። ከራሷ ግዛት ሌላ አራት ግዛቶችን የምትነካ ካውንቲ በመላው አሜሪካ ከእርሷ በቀር የለም።

ከመሀል መራቋም የዚያኑ ያህል ነው። የካውንቲዋ መቀመጫ ከሆነችው ከቦይስ ሲቲ ተነሥቶ በቀጥታ መስመር ለሚለካ ሰው የኒው ሜክሲኮ ዋና ከተማ ሳንታ ፌም ሆነች የኮሎራዶዋ ደንቨር ከራሷ ግዛት ዋና ከተማ ከኦክላሆማ ሲቲ ይልቅ ቅርብ ናቸው። አቤቱታ ያለው ነዋሪ የሚሄደው ግን ወደ ሩቂቱ ነው።

ስፋቷና ሕዝቧ ምን ያህል ነው?

ስፋቷ 4,768 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት ነዋሪዎች 2,296 ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ከዚህ የበለጠ ሰው ይይዛል። መሬቱን ለሰው ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ትናንት የተወለደውን ሕፃን ጨምሮ፣ ከአምስት ጋሻ በላይ ይደርሰዋል።

ግማሽ ያህሉ ሕዝብ የሚኖረው በቦይስ ሲቲ ሲሆን በቆጠራው 1,166 ሰዎች ነበሯት። ኪይስ፣ ፌልትና ኬንተን የሚባሉት ሌሎቹ መንደሮች ናቸው፤ ኬንተን የቤተሰብ ድግስ የሚያክል ሰው ብቻ ነው ያላት። አብዛኛው ነዋሪ ነጭ አሜሪካዊ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ደግሞ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው ነው። በምርጫ ጊዜ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በ2020 ለሪፐብሊካኑ ዕጩ የተሰጠው ድምፅ ከመቶ ከ90 በላይ ነበር።

«ሲማሮን» ምን ማለት ነው?

ቃሉ የስፓንኛ ነው። ከሰው እጅ አምልጦ ጫካ የገባን፣ የበረሃ የሆነን እንስሳ ያመለክታል። በቅኝ ግዛት ዘመን ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሪያዎችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። ካውንቲዋ ስሙን የወረሰችው በሰሜኗ ከሚፈሰው ከሲማሮን ወንዝ ነው። «የሚፈሰው» ስል እንኳን ደፍሬ ነው፤ ከምንጩ በኩል ስሙ «ደረቁ ሲማሮን» ይባላል።

ይህን ያመለጠ ባሪያ የሚለውን ትርጉም ልብ ይሏል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን።

ያ የመጥበሻ እጀታ እንዴት ተፈጠረ? ለምን ከአንዱ ጎረቤት ጋር አልተቀላቀለም?

የፈጠረው የባርነት ክርክር ነው። በ1820 የአሜሪካ ምክር ቤት ባደረገው ስምምነት በምዕራቡ ምድር ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ መስመር በስተ ሰሜን ባርነት እንዳይፈቀድ ተወሰነ። ቴክሳስ በ1845 የአሜሪካ ግዛት ስትሆን ባሪያ አሳዳሪ ሆና ነው የገባችው። በ1850 ደግሞ ከዚያ መስመር በላይ የነበራትን መሬት ለቀቀች። ባሪያዎቿን ከመልቀቅ መሬት መልቀቅ ቀለላት ማለት ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ የካንሳስ ድንበር ሲሰመር መስመሩ በ37 ዲግሪ ላይ አረፈ፤ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቼሮኪ ሕዝብ ይዞታ ለሁለት እንዳይቆረጥ በሚል። የኒው ሜክሲኮ ወሰን በምዕራብ ቆመ፤ የነባር ሕዝቦቹ ምድር በምሥራቅ ቆመ። በመሀል 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርድና ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ቅዳጅ መሬት ባለቤት አጥቶ ቀረ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ መሬት ላይ የሚወድቀውን ቁራጭ አስቡት። በወረቀት ላይ «የሕዝብ መሬት ቅዳጅ» ተባለ። ሰዉ ግን «ኖ ማንስ ላንድ» አለው፤ የማንም ያልሆነ ምድር ማለት ነው።

ከ1850 እስከ 1890፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ቅዳጅ ላይ ፍርድ ቤት የለም፣ ግብር የለም፣ የመሬት ሰነድ የለም። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሰፋሪዎች መምጣት ሲጀምሩ የያዙትን መሬት በስማቸው የሚያስመዘግቡበት ቢሮ አልነበረም። አንዱ የሌላውን ይዞታ ሲነጥቅ ዳኛው ጠመንጃ ወይም የጎረቤት ሸንጎ ነበር። አረቄ ነጋዴውና ከሌላ ግዛት የሸሸው ወንጀለኛ ግን ተመቻቸው። በ1887 ሰፋሪዎቹ ተሰብስበው «የሲማሮን ግዛት» የሚል የራሳቸውን መንግሥት አወጁ። ከዚያም እርስ በርሳቸው ተጣሉና ሁለት ተቀናቃኝ ወኪሎች ዋሽንግተን ላኩ። ምክር ቤቱ አንዱንም አልተቀበለም።

በ1890 ቅዳጁ በሙሉ ከኦክላሆማ ቴሪቶሪ (ገና ሙሉ ግዛት ካልሆነችው ኦክላሆማ) ጋር ተጠቃለለና ቢቨር የሚባል አንድ ካውንቲ ሆነ። ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1907 ሙሉ ግዛት ስትሆን ቢቨር ለሦስት ተከፈለ፤ የምዕራቡ ሲሶ ሲማሮን ተባለ። እንግዲህ ባርነትን ለመለየት በተሰመረ መስመር ላይ የተቀመጠች ምድር ስሟን ያገኘችው ያመለጠ ባሪያ ይጠራበት ከነበረ ቃል ነው። ስሙን የሰጠው ወንዙ ስለሆነ ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ከሰፋሪዎቹ በፊትስ ባዶ ነበር?

«የማንም ያልሆነ» የሚለው አባባል የዋሽንግተን አባባል ነው። ኮማንቼና ካዮዋ ሕዝቦች ጎሽ የሚያድኑበት ምድር ነበር። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከሚዙሪ ወደ ሳንታ ፌ የሚጓዙ ነጋዴዎች በዚህ በኩል አቋራጭ ነበራቸው። መንገዱ አጭር ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለሠረገላ ይመቻል፤ ችግሩ ውሃ የለውም። ውሃ ያገኙበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዐርፈው ስማቸውን በድንጋይ ላይ ይቀርጹ ነበር። ኦቶግራፍ ሮክ በሚባለው ገደል ላይ ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። በ1865 ኪት ካርሰን የተባለው ዝነኛ የምዕራብ ሰው ነጋዴዎቹን የሚጠብቅ ካምፕ ኒኮልስ የሚባል ጦር ሰፈር እዚሁ አቋቁሞ ነበር፤ ዕድሜው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ሆነ።

ከዚያ የኒው ሜክሲኮ በግ አርቢዎች መጡ፤ ቀጥሎ ትልልቆቹ የከብት ባለሀብቶች። ገበሬው የመጣው በመጨረሻ ነው። ታሪኩን ያበላሸውም የገበሬው መምጣት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ገበሬውን ከመውቀሴ በፊት የጠራውን ሰው እጠይቃለሁ።

ቦይስ ሲቲ በማጭበርበር የተቆረቆረች ከተማ ናት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አስቀድሞ ስለ አጠራሩ፦ አይዳሆ ውስጥ ያለችውን «ቦይዚ» የሚሉ ሰዎች ይህችኛዋንም እንደዚያ ይጠሯታል። የአገሬው ሰው ግን «ቦይስ» ነው የሚለው። የቃሉ ሥር የፈረንሳይኛ ሲሆን ደን የለበሰ ማለት ነው። ይህን ትርጉም ይዛችሁ ወደ ከተማዋ ብትገቡ ማጭበርበሩ ከስሙ እንደሚጀምር ታያላችሁ።

በ1908 አንድ የልማት ኩባንያ ነኝ ባይ ድርጅት ሦስት ሺህ ያህል ቦታዎችን ሸነሸነና በፖስታ ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ። በራሪ ወረቀቱ ላይ ንጣፍ የለበሰ ጎዳና፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች፣ ቆንጆ ቆንጆ ቤቶች፣ የባቡር ሐዲድ፣ ከመሬት የሚፈልቅ ውሃ ነበር። በሩቅ ከተማ የሚኖር ሰው ያጠራቀማትን ገንዘብ ልኮ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ሲመጣ ያገኘው ሣር ነው። ጎዳና የተባለው በሣሩ መካከል የተተከለ ችካል ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሻጮቹ ለሸጡት መሬት ባለቤትነት አልነበራቸውም። በፖስታ ማጭበርበር ተከሰው ተፈረደባቸውና ካንሳስ ውስጥ ሌቨንወርዝ የሚባለው የፌዴራል እስር ቤት ገቡ።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ከተታለሉት ሰዎች ብዙዎቹ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ግን ቀሩ። የቀሩት የውሸቷን ከተማ እውነተኛ አደረጓት። በዚያው ዓመት ቦይስ ሲቲ ጊዜያዊ መቀመጫ የነበረችውን ኬንተንን በምርጫ አሸንፋ የካውንቲዋ ዋና ከተማ ሆነች። በራሪ ወረቀቱ የዋሸው ባቡርም በ1925 በእውነት ደረሰ፤ በዓመቱ ዛሬ መሀል ከተማ ላይ የቆመው የፍርድ ቤት ሕንፃ ተሠራ። ዛፉ ብቻ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣው።

የሲማሮንን ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ነገር ይህ ነው። ዕጣዋን የጻፉት ሰዎች አብዛኞቹ አላዩአትም። ድንበሯን ያሰመረው የምክር ቤት አባል፣ ቦታዋን የሸጠው አጭበርባሪ፣ ቀጥሎ የምናየው የስንዴ ገበያ፣ ከእርሱም በኋላ በሌሊት በላይዋ የበረረው የአውሮፕላን አቅጣጫ መሪ፣ ሁሉም ከሩቅ ነበሩ።

የ1930ዎቹ የአቧራ ዘመን ምን ነበር? የሲማሮንስ ድርሻ ምንድን ነው?

ይህ ብቻውን ገጽ ይወጣዋል፤ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

የዚህ ምድር የተፈጥሮ ልብሱ አጭር ሣር ነው። ዝናቡ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ነፋሱ ግን ወሰን የለውም። ሣሩ በሥሩ አፈሩን ጨብጦ የያዘው ለሺህ ዓመታት ነው። በ1909 መንግሥት ደረቅ መሬት ለሚያለሙ ሰዎች 320 ኤከር፣ ሦስት ጋሻ ያህል፣ በነፃ መስጠት ጀመረ። ቀጥሎ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና አውሮፓ ስንዴ አጣች፤ አንድ ቡሼል፣ 27 ኪሎ ገደማ፣ ከሁለት ዶላር በላይ ወጣ። ትራክተር ተገዛ፣ ሣሩ ተገለበጠ። ከተማ ተቀምጦ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ለመዝራትና ለማጨድ፣ ብቅ የሚል «የሻንጣ ገበሬ» የሚባል ዓይነት ሰውም ተፈጠረ። በዚያ ላይ በ1920ዎቹ ዝናቡ ደግ ነበር። በ1930 የካውንቲዋ ሕዝብ 5,408 ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሆኖ አያውቅም።

በ1931 የስንዴ ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። የሻንጣ ገበሬው ሻንጣውን አንሥቶ ሄደ፤ ያረሰው መሬት ራቁቱን ቀረ። በ1932 ዝናቡም ጠፋ። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በመስኮት ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቅሎ ያደረ ሰው ነው የሚያውቀው። ሳህን ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ቀና የሚደረገው ምግቡ ሲቀርብ ብቻ። አቧራው በአየር ውስጥ ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሚፈጥርና የመኪና ሞተር ስለሚያጠፋ አሽከርካሪዎች ከመኪናቸው ሥር መሬት የሚጎተት ሰንሰለት ያስሩ ነበር። ሕፃናትና አዛውንቶች «የአቧራ ሳምባ ምች» በሚባል በሽታ ሞቱ። መኖ ሲጠፋ በነፋስ የሚንከባለለውን እሾኻማ አረም ለከብት ሰጡ፤ የባሰበት ደግሞ በጨው ዘፍዝፎ ራሱ በላው። መንግሥት ከብቶቹን በጥቂት ዶላር እየገዛ፣ የማይረባውን እዚያው ያስገድል ጀመር።

ሚያዝያ 14 ቀን 1935 እሑድ ነበር፣ በምዕራባውያኑ ዘንድ የሆሣዕና ዕለት። ከሳምንታት አቧራ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ሰዉ መስኮቱን ከፈተ፣ ልብሱን አጠበ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን አንድ ጥቁር ግድግዳ ታየ፤ ከፊቱ ወፎች በመንጋ ይሸሻሉ። ሲደርስ ሰው የገዛ እጁን ማየት ተሳነው። ዕለቱ «ጥቁሩ እሑድ» ተብሎ ቀረ። አንድ የአሶሼትድ ፕሬስ ዘጋቢ ከፎቶ አንሺው ጋር በዚያ ማዕበል የተያዘው በቦይስ ሲቲ አካባቢ ነበር። በማግሥቱ በላከው ዜና ውስጥ «ደስት ቦውል» የሚል ሐረግ ጣል አደረገ፤ የአቧራ ጎድጓዳ ሳህን እንደ ማለት ነው። ዛሬ መላው ዓለም ያንን ዘመን የሚጠራው በዚህ ሐረግ ነው።

በዓመቱ፣ ሚያዝያ 1936፣ አርተር ሮትስታይን የተባለ የመንግሥት ፎቶ አንሺ አንድ ገበሬና ሁለት ልጆቹ በአቧራ ውስጥ ወደ ግማሽ ወደ ተቀበረ ጎጆ ሲጣደፉ አነሣቸው። ስለዚያ ዘመን በሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ ከምታዩዋቸው ምስሎች አንዱ ይህ ነው። ቦታው ሲማሮን ካውንቲ ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱት «ኦኪዎች» (ከኦክላሆማ ስም የወጣ ቅጽል ነው) ሁሉ ከዚህ የአቧራ ምድር የወጡ ይመስላቸዋል ብዙዎች። አብዛኞቹ ግን ከምሥራቅ ኦክላሆማና ከአጎራባች ግዛቶች የጥጥ እርሻ የተፈናቀሉ ጭሰኞች ነበሩ። ከሲማሮንም ብዙ ሰው ወጥቷል፤ በ1940 የተቆጠረው 3,654 ነው፣ ከሦስት ሰው አንዱ ሄዷል ማለት ነው። ሁለቱ ግን አቧራውን እየዋጡ ቀሩ። መንግሥት ከከሰሩ ገበሬዎች ከገዛው መሬት ከፊሉ እንደገና ሣር እንዲለብስ ተደርጎ ዛሬ የሪታ ብላንካ ብሔራዊ የሣር ምድር አካል ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራሷ አገር አውሮፕላን ደበደባት ይባላል። ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም፤ ምንም እንኳ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ዛሬ ቢስቁበትም። ሐምሌ 5 ቀን 1943፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ቴክሳስ ውስጥ ካለው የዳልሃርት የአየር ኃይል ሰፈር ለልምምድ የተነሣ ቢ-17 ቦምብ ጣይ ከመንገዱ ሳተ። አቅጣጫ መሪው የሚፈልገው በአራት መብራቶች የተከበበ የልምምድ ዒላማ ነበር። ከዚያ ርቆ በቦይስ ሲቲ ፍርድ ቤት ዙሪያ አራት መብራቶች በርተው አየ። እነርሱን መስሎት ስድስት የልምምድ ቦምቦች አከታትሎ ጣለ።

ቦምቦቹ በአብዛኛው አሸዋ ሲሆኑ ጥቂት ባሩድ ነበረባቸው። አንዱ የመኪና ማቆሚያ ቤት በሳ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወደቀ። የሞተ ሰው የለም። የደረሰው ጉዳት 25 ዶላር እንኳን አልሞላም ይባላል። አንድ የነቃ ሰው የከተማዋን መብራት ባያጠፋ ኖሮ አውሮፕላኑ መቼ ይበቃኝ እንደሚል ማን ያውቃል። ዛሬ በስፍራው የቦምብ ምስል ያለበት መታሰቢያ ቆሟል።

ሁሉም ሜዳ ነው? ተራራ የለም?

ሰሜን ምዕራቧ ፈጽሞ ሌላ አገር ነው። ብላክ ሜሳ የሚባለው ጥቁር አምባ እዚያ ነው፤ ሜሳ በስፓንኛ ጠረጴዛ ማለት ሲሆን የእኛ «አምባ» በትክክል ይገልጸዋል። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከኮሎራዶ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሸፍኖ አቆመው፤ በዙሪያው ያለው አፈር ሲሸረሸር እርሱ ቀረ። ጫፉ 1,516 ሜትር ሲሆን የመላው ኦክላሆማ ከፍተኛ ቦታ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ ፒያሳ ቆሞ ከኦክላሆማ ጣራ በላይ ነው። ቢሆንም የደርሶ መልስ የእግር ጉዞው 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ጥላም የለውም።

ከኬንተን ወጣ ብሎ በካሪዞ ወንዝ ዳር የዳይኖሰር ኮቴዎች በድንጋይ ላይ ይታያሉ። በአቧራው ዘመን፣ በ1930ዎቹ፣ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከሥራ ውጪ የሆኑ የአካባቢውን ሰዎች በመንግሥት ደመወዝ አሠማርተው ግዙፍ አጥንቶች አውጥተዋል። ላዩ እየበነነ ሳለ ከሥሩ እንጀራ የወጣው እንዲህ ነው።

ኬንተን ሰዓቷ ለምን ይለያል?

በሕግ ሲማሮን እንደ ቀሪው ኦክላሆማ በመካከለኛው ሰዓት ትተዳደራለች። ኬንተን ግን ኑሮዋ ከኒው ሜክሲኮና ከኮሎራዶ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በልማድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን የተራራ ሰዓት ትከተላለች። ቀጠሮ ያለው ሰው «በየትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም።

ነዋሪው በምን ይተዳደራል? ሕዝቡስ ለምን ይቀንሳል?

በከብት፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ። ማሽላው ልብ ይነካል። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ለማዳ የሆነው ሰብል ባሕር ተሻግሮ በዚህ ደረቅ ምድር ላይ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ታጋሽ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ግን በአብዛኛው የከብት መኖ ነው፤ እንጀራ የሚጋግርበት የለም።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተፈጥሮ ጋዝም ረድቷል። በ1959 የፌዴራል መንግሥት ኪይስ አጠገብ ከጋዙ ሂሊየም የሚለይ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። የእርሻውን መልክ የለወጠው ግን ከመሬት በታች ያለው የኦጋላላ ውሃ ነው። ስምንት ግዛቶች የሚጋሩት ጥንታዊ የከርሰ ምድር ክምችት ነው። በፓምፕ ተስቦ በግዙፍ ተሽከርካሪ ቧንቧ ይረጫል፤ በአውሮፕላን ለሚያልፍ ሰው በቡናማ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ምጣዶች ተዘርግተው የሚታዩት ለዚህ ነው። በዚህ ደረቅ አካባቢ ዝናብ የሚተካው የሚወጣውን አይደርስበትም፤ ጉድጓዶቹም እየጠለቁ ነው። የስንዴውን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው የውሃው ዘመን ሂሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

የሕዝቡ ቁጥር በ1950 ወደ 4,589 አንሠራርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ቆጠራ ሁሉ ከፊተኛው ያነሰ ነው፤ በ1980 3,648፣ በ2000 3,148፣ በ2010 2,475። ድርቅ ብቻውን አላሳነሳቸውም። ድሮ አሥር ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን መሬት ዛሬ አንድ ሰው በትልቅ ማሽን ያርሰዋል። እርሻው ሲሰፋ ቤቱ ያንሳል፣ ቤቱ ሲያንስ ሱቁ ይዘጋል፣ ልጁም ኮሌጅ ሲሄድ ሻንጣውን በደንብ አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው።

በዚያ የማልፍ ሰው ምን ልይ?

ቦይስ ሲቲ ውስጥ ከየአቅጣጫው የሚመጡት አውራ ጎዳናዎች ፍርድ ቤቱን እየዞሩ ነው የሚተላለፉት። አሜሪካዊ ሾፌር እዚህ ሲደርስ ግራ ይጋባል። አዲስ አበባ ላይ መንዳት የተማረ ሰው ግን አደባባዩን ሲያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል፤ ቅድሚያው በውስጥ ላለው ነው፣ ይህን ብቻ አይርሳ። የሲማሮን ቅርስ ማዕከል ደጅ ላይ ከብረት የተሠራ ትልቅ ዳይኖሰር ቆሞ ይታያል።

ጊዜ ያለው ሰው ወደ ኬንተን ይታጠፍ። የኦክላሆማ፣ የኒው ሜክሲኮና የኮሎራዶ ወሰኖች የሚገናኙበት ምልክት እዚያ አለ፤ ሦስት ግዛት በአንድ እርምጃ ይረገጣል። በየዓመቱ በመጸው የከዋክብት ተመልካቾች ቴሌስኮፓቸውን ይዘው ከሩቅ ግዛቶች የሚሰበሰቡት በዚሁ አካባቢ ነው፤ እንደዚህ የጨለመ ሰማይ ብዙ ቦታ አይገኝምና። ነዳጅ ቦይስ ሲቲ ላይ ሞልቶ መነሣት ይሻላል። ኬንተን አካባቢ ደርሰው መኪናዎን ዳር ካቆሙ በኋላ መብራትዎን ያጥፉና ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ።